ድንቹን የመታው ምች አይደለም

ጥያቄው የመጣው ከመራዊ አካባቢ ነው። ጠያቂው በቆጋ መስኖ ከአባቱ ጋር ድንች የሚያለማ ወጣት ነው። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ በአንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) መሬት ድንች ተከልን። ዘሩን ከባሕር ዳር ገበያ ነው የገዛሁት፤ ከደጋ የመጣ ጥሩ ዘር ነው ብለውኛል። እስከ የካቲት አጋማሽ ያየው ሁሉ የሚቀናበት ማሳ ነበር። ከዚያ በኋላ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ እዚህም እዚያም መጠውለግ ጀመረ። ምች ነው ተብዬ ሪዶሚል ሦስት ጊዜ ረጨሁ፤ ምንም ለውጥ የለም። ጎረቤቴ ዩሪያ አብዝተህ አቃጥለኸው ነው ይለኛል። አባቴ ደግሞ ውሃ ጠምቶት ነው ብለው ተራችን በደረሰ ቁጥር ያጠጡታል። ከሪዶሚል የሚበልጥ ጠንካራ መድኃኒት ካለ ስሙን ንገሩኝ። ካልሆነም ነቅዬ ቲማቲም ልተክልበት አስቤአለሁ። ያልጠወለገውን ለዘር ብንለየውስ? ቤት ውስጥ እየቀቀልን እየበላነው ነው፤ ልጆቹን አይጎዳም ወይ?»

መጀመሪያ የልጆቹን። አይጎዳቸውም። የምጠረጥረው በሽታ አጠውልግ ይባላል፤ የዕፅዋት እንጂ የሰው አይደለም። የበሰበሰውንና የሚሸተውን ጣሉት። ፀሐይ አግኝቶት አረንጓዴ የሆነውንም አትብሉ፤ እሱ በሽታ ኖረም አልኖረም አይበላም። ደህናው ተቀቅሎ ይበላ። የልጣጩን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የቀረው ጥያቄህ ደስ የሚል መልስ የለውም። ከሪዶሚል የሚበልጥ መድኃኒት የለም። ሪዶሚሉም ቢሆን ለዚህ በሽታ አልተሠራም፤ ሦስቱንም ጊዜ የረጨኸው ገንዘብህን ነው። ቲማቲም እንዳትተክል። ከዚያ ማሳ፣ ከጠወለገውም ካልጠወለገውም፣ አንድም ፍሬ ለዘር እንዳይቀር።

«ምች» የሚለው ስም ራሱ ብዙ ሰው ያሳስታል። ሰው ከንፈሩ ሲቆስልና ራሱን ሲያመው ምች መታው እንላለን፤ ዳማከሴ ይታሽለታል። ድንችም ቅጠሉ ሲበላሽ ምች መታው እንላለን። ስሙ አንድ ስለሆነ ሁሉም ነገር ምች ይሆናል። እውነተኛው የድንች ምች ግን መልኩ ሌላ ነው። ቅጠሉ ላይ ውሃ የነካው የመሰለ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ይወጣል። ነጠብጣቡ ይሰፋል፣ ይጠቁራል። ጠዋት ጤዛው ሳይጠፋ ቅጠሉን ብትገለብጠው በቁስሉ ዙሪያ ነጭ ሻጋታ ታያለህ። እርጥበትና ብርድ ይወዳል፤ ዋና ጊዜው ክረምት ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አየርላንድን በረሃብ የፈጀው እሱ ነው። ሪዶሚል የተሠራው ለዚያ ነው። አንተ የጻፍከው ግን ነጠብጣብ የለውም፣ ሻጋታ የለውም፣ ጊዜውም ደረቅ ፀሐይ ነው። ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ነው የተኛው።

የጎረቤትህ ግምትም አያስኬድም። ማዳበሪያ ሲያቃጥል ከቅጠሉ ጠርዝ ይጀምርና ያደርቃል። ደግሞም የበዛበት መስመር በሙሉ ይጎዳል እንጂ እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት እያለ አይመርጥም። ከታች ያለው ቅጠል ቀስ እያለ ቢጫ እየሆነ፣ ሳምንታት ወስዶ ቢደክም ኖሮ ፈንገስ የሚያመጣውን መጠውለግ እጠረጥር ነበር። ያንተው በቀናት ውስጥ ነው የወደቀው።

ስለዚህ የምጠረጥረው አጠውልግን ነው። አምጪው በአፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ስሙ ራልስቶኒያ ሶላናሲያረም ይባላል። ኧርዊን ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1896 ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው። ከ200 በላይ የዕፅዋት ዓይነቶችን ይይዛል። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ግን የድንችን ዘመዶች ነው። ቲማቲም፣ በርበሬ፣ ቃሪያ፣ ደበርጃን፣ ትምባሆ፣ ከአረምም አውጥና እምቧይ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ የዝንጅብል ማሳዎችን ያራቆተውም የዚሁ ባክቴሪያ ወገን ነው። የእንሰት አጠውልግ ግን ሌላ ነው። ስሙ ቢመሳሰልም ባክቴሪያው የተለየ ነው፤ ከዚያ የሰማኸውን ምክር ወደዚህ አታምጣ።

እንዴት እንደሚገድል ካወቅህ መድኃኒቱ ለምን እንደማይደርስበት ይገባሃል። ባክቴሪያው በሥር በኩል ይገባል። ስትኮተኩት የተቆረጠች ቀጭን ሥር ትበቃዋለች። ከዚያ ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወስዱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይዞ በውስጣቸው ይራባል። የሚያዝረከርከው ሙጫ ቧንቧውን ይደፍነዋል። ተክሉ ውሃ መሐል ቆሞ ይጠማል። መጀመሪያ ቀትር ላይ ብቻ ዝልፍልፍ ይላል። ማታ ቅጠሉ የሚያተነው ውሃ ስለሚቀንስ ቀና ይላል። ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ ማታም አይነሳም። አንዳንዴም ከአንድ ሥር ከወጡት አገዳዎች አንዱ ይተኛና ሌላው ቆሞ ይቀራል። ቅጠል ላይ የሚረጭ ነገር እዚያ ቧንቧ ውስጥ አይደርስም። ቢደርስም ሪዶሚል ባክቴሪያ አይገድልም። ከመድኃኒት ቤት የሰው ኪኒን ገዝቼ በጥብጬ ልርጭ ያለኝ ሰውም አለ። እባክህ እሱን አትሞክረው። ድንቹን አያድነውም፤ ለሰው የተሠራውን መድኃኒት አፈር ላይ መድፋት ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

አባትህ ውሃ ጠምቶት ነው ማለታቸው አይገርመኝም። እኔም ብዬዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ አባት የድንች ማሳቸውን አሳዩኝ። ቀትር ነበር። አምስት ስድስት ተክል አንገቱን ደፍቷል። አፈሩን በእጄ ነካሁ፣ ደረቅ መሰለኝ። «ውሃ ጠምቶት ነው፣ ደህና አድርገው ያጠጡት» አልኳቸው። አጠጡት። ማታ ሄጄ ሳየው ቀና ብሏል። ኩራቴን አትጠይቀኝ! በሁለት ሳምንት ውስጥ ከነዚያ አምስት ስድስት ተክሎች በታች ቦዩን ተከትሎ ያለው ሁሉ ተኛ። «የኔ ልጅ፣ ውሃው ነው እንዴ የመረዘው?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብርጭቆ ሳልይዝ የጠወለገ ድንች ላይ አስተያየት ሰጥቼ አላውቅም።

ብርጭቆው ምን ይሠራል? አንተም ነገ ጠዋት ልታደርገው ትችላለህ። ምንም ያልተጻፈበት፣ ወለል ብሎ የሚያሳይ የሻይ ብርጭቆ ውሰድ። ንጹሕ ውሃ ሙላበት። ከማሳህ የጠወለገ ግን ገና ያልደረቀ ተክል ምረጥ። አገዳውን መሬት አጠገብ በስለታም ቢላዋ ቁረጠው። ከታችኛው በኩል የጣት ያህል ርዝመት አስቀር። በሽቦ ወይም በክር አንጠልጥለህ የተቆረጠው ጫፍ ብቻ ውሃው ውስጥ እንዲገባ አድርግ። ብርጭቆውን አታንቀሳቅሰው። ከኋላው ጠቆር ያለ ነገር ብታደርግ ይበልጥ ይታይሃል። አጠውልግ ከሆነ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከተቆረጠው ጫፍ ነጭ ክር መውረድ ይጀምራል። ዕጣን ሲጨስ አይተህ የለ? ያ ጭስ ተገልብጦ ወደ ታች ሲወርድ አስበው። ጥቂት ከቆየ ውሃው ደፍርሶ ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል። ፈንገስ ያጠወለገው ተክል ይህን አያደርግም፤ ውሃ የጠማውም አያደርግም።

ድንቹንም ቆርጠህ እይ። በወርዱ ለሁለት ክፈለው። ከልጣጩ ትንሽ ገባ ብሎ ዙሪያውን የሚዞር ቀለበት አለ። እሱ ቡናማ ከሆነ፣ ስትጨምቀውም ነጣ ያለ ፈሳሽ ካወጣ፣ ነገሩ አብቅቷል። አንዳንዱ ገና ከመሬት ሲወጣ ዐይኑ ላይ አፈር ተጣብቆበት ይወጣል። ገበሬው «ዐይኑ ያለቅሳል» ይለዋል። ያለቀሰውን ለማየት መቁረጥም አያስፈልግህም። ቢላዋውን ግን ወደ ማዕድ ቤት ከመመለስህ በፊት በበረኪና እጠበው፤ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ።

የብርጭቆው ምርመራ ልኩ እስከዚህ ነው። የታመመውን ተክል ያሳይሃል። ያልታመመውን ነጻ ነው ብሎ አይመሰክርልህም። ለዚያ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ያለው የዕፅዋት ጤና ክሊኒክ ወይም አዴት የምርምር ማዕከል መውሰድ ትችላለህ፤ መጀመሪያ ደውለህ ጠይቅ። ናሙናውን በጋዜጣ ጠቅልለው፤ በፌስታል ከታሰረ ታፍኖ ይበሰብስብሃል። አፈሩንም አውቶቡስ ውስጥ አታራግፍ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይህ በሽታ ማሳህ ውስጥ ከየት መጣ? ከሰማይ አልወረደም። በነፋስም እንደ ዋግ አይበርም። ሁለት ዋና መንገድ አለው፤ ዘርና ውሃ። ያንተው በዘር እንደመጣ ብወራረድ አልከስርም።

«ከደጋ የመጣ ስለሆነ ንጹሕ ነው» የሚለው እምነት ብዙ ሰው አክስሯል። ባክቴሪያው ሙቀት ይወዳል። ደጋ ላይ፣ ብርዱ ውስጥ፣ ድንቹ ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ተክሉ አይጠወልግም። ገበሬው ደህና ነው ብሎ ይሸጣል፣ ውሸትም አልተናገረም፤ በዐይኑ ያየው ደህና ነው። ያ ድንች ወርዶ ጣና ዙሪያ ሲተከል ነው ጉዱ የሚወጣው። እዚህ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ እናንተ ጋ ትንሽ ከፍ ይላል። የካቲት ሲጋመስ አፈሩ ይሞቃል። ያን ጊዜ የተኛው ይነቃል። ማሳህ እስከ የካቲት አጋማሽ ያማረው ለዚህ ነው።

ሁለተኛውን ነገር ልብ በል። በእኛ ገበያ ለዘር የሚሸጠው የትኛው ድንች ነው? ትልቁ ለወጥ ይሄዳል፣ ለሆቴል ይሄዳል። ትንንሹ ለዘር ይቀራል። ርካሽም ነው፣ ሳይቆረጥም ይተከላል። አሁን ጠይቅ፤ ትንሽ ድንች ያፈራው የትኛው ተክል ነው? ጤነኛውም ትንንሽ ያፈራል። የታመመው ግን የሚያፈራው በአብዛኛው ትንንሽ ነው። ሳያድግ ጠውልጎ ቀርቷልና። እንግዲህ ከክምሩ ትንንሹን እየለቀምን «ዘር» ስንል ሳናውቀው በሽታውን እየመረጥን ነው። በአጠውልግ ብቻ አይደለም፣ ቫይረስ የያዘውም እንዲሁ ትንሽ ነው የሚሰጥ። እኔ ስለ ድንች ምርት ማነስ ስጠየቅ ከማዳበሪያ በፊት የዘሩን ከረጢት ክፈቱልኝ የምለው ለዚህ ነው።

ቁጥሩን እንየው። የሚመከረው ርቀት በመስመር መካከል 75፣ በተክል መካከል 30 ሴንቲሜትር ነው። በአንድ ቃዳ 11 ሺህ ያህል ተክል ይገባል። ከገዛኸው ዘር ከመቶ አንዱ ብቻ በሽታ ቢኖረው 110 ተክል ማለት ነው። እነዚያ 110 ተክሎች ማሳው ላይ ተበትነዋል። እዚህም እዚያም ጠወለገ ያልከው ይህን ነው። ከዚያ አባትህ አጠጡ፤ ውሃው ከአንዱ ሥር አጥቦ ለቀጣዩ አደረሰ። የቆጋ ግድብ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ ነው የተሠራው። ውሃው ከዋናው ቦይ እየተከፋፈለ ከማሳ ማሳ ይወርዳል፣ ትርፉ ወደ ወንዙ ይመለሳል፣ ከዚያ ግልገል ዓባይን ይዞ ጣና ይገባል። ያንተን ማሳ ያጠበው ውሃ ያንተ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይኸው በሽታ ገብቶባት ሲመረምሩ ባክቴሪያውን በወንዝና በቦይ ዳር ከሚበቅል የድንች ዘመድ አረም ላይ አገኙት። አረሙ አይጠወልግም፣ በሥሩ ግን ባክቴሪያውን ወደ ውሃው ያወጣ ነበር። በዚያ ውሃ ድንች ማጠጣት እስከ መከልከል ደረሱ። በቦይህ ዳር የቆመውን አውጥና እምቧይ አሁን በሌላ ዐይን እየው።

ዛሬ ምን ታድርግ? መጀመሪያ ማሳውን በሙሉ ዙርና ቁጠር። የጠወለገው ሃያ ሠላሳ ቢሆን፣ እየነቀልክ ማዳን ያዋጣሃል። የጠወለገውን ከነድንቹ፣ ከነሥሩ፣ በዙሪያው ካለው አፈር ጋር አውጣ። ጎኑ ያሉትን ደህና የሚመስሉትንም አብረህ ንቀል፤ ያሳዝናል፣ ግን እነሱም ተይዘዋል። ማሳው ላይ አትጎትተው፣ ከረጢት ውስጥ ክተተው። ከቦይ ርቀህ አንድ ሜትር ያህል ጉድጓድ ቆፍረህ ቅበረው። ፍግ ክምር ላይ አትጨምረው። የልጣጩም ነገር ይኸው ነው፤ የጓሮ አትክልት ላይ ወይም ቦይ ውስጥ አይጣል፣ ይቃጠል ወይም ይቀበር። የተነቀለበትን ቦታ ውሃ አታሳልፍበት። መኮትኮቻውን፣ ጫማህንም በበረኪና ውሃ እጠብ። የታመመው ጥግ ላይ ሥራ ካለህ መጨረሻ ላይ ሥራው እንጂ ከዚያ ተነስተህ ወደ ደህናው አትሂድ።

የጻፍከውን ሳነብ ግን ከዚያ ያለፈ ይመስለኛል። ሦስት ጊዜ ተረጭቶ፣ በየተራው ውሃ ጠጥቶ፣ ወር ሊሞላው ነው። ብዙ ከሆነ መንቀሉን ተወው። ውሃውን አቁም። ድንቹ ሦስት ወር አልፎታል፤ የሚበላ መጠን ያለው ፍሬ ይኖርሃል። አሁኑኑ ቆፍረህ አውጣው። አታከማቸው፣ ክምር ውስጥ አንዱ ሌላውን ያበሰብሳል። ትልልቁን ለመብል ቶሎ ሽጥ። ትንንሹን ግን ገበያ እንዳታወጣ። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ለሕሊናህ ነው። አንተ «ለወጥ ነው» ብለህ ብትሸጠውም የገዛው ሰው ዘር ያደርገዋል። አንተም የገዛኸው እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም። ቀቅላችሁ ብሉት፣ ለከብትም ቢሆን ቀቅላችሁ ስጡ።

ቀጥሎ ምን ይተከል? ቲማቲም አይሆንም፤ ባክቴሪያው ለሁለተኛ ዙር ማዕድ ተዘረጋለት ማለት ነው። በርበሬና ቃሪያም አይሆኑም። ክረምት ሲገባ በቆሎ ዝራበት። ለመጪው በጋ ስንዴ ወይም ሽንኩርት። ነጭ ሽንኩርትና ጎመንም ይሆናሉ። ከዚያ እንደገና በቆሎ። ድንች ወደዚያ ቃዳ ከሦስት ዓመት በፊት ባይመለስ ነው ምክሬ። በመካከሉ አንድ ነገር ካልጠበቅህ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። መሬት ውስጥ የቀረው ድንች በቆሎው መሐል ወፍ ዘራሽ ሆኖ ይበቅላል። «ይብቀል፣ ለልጆች ጥብስ ይሆናል» ይባላል። አይሆንም። ያቺ አንዲት ግንድ ባክቴሪያውን ሦስት ዓመት ታቆይለታለች። በታየች ቁጥር ትነቀል። አውጡም እንዲሁ።

ሦስት ዓመት ስል ምን እንደምታስብ አውቃለሁ። መሬቱ አንድ ቃዳ ነው፣ ድንቹ ደግሞ ቶሎ ገንዘብ የሚሰጥ። እዚህ ላይ የተሳካላቸው ሰዎች ያደረጉት ነገር አለ። ሽንኩርት ወይም ስንዴ ከሚያመርት ጎረቤት ጋር ለአንድ ሁለት በጋ መሬት መለዋወጥ። የእሱ ሽንኩርት ባንተ መሬት ላይ አይታመምም። አንተም እሱ መሬት ላይ ንጹሕ ዘር ይዘህ ትገባለህ። ነገሩን ደብቀህ ግን አትለዋወጥ፤ ቲማቲም ቢተክልበት ጠበኛ ትሆናላችሁ። ደግሞ ሦስት ዓመት ብዬ ስጽፍ ባክቴሪያው ድራሹ ይጠፋል ማለቴ አይደለም። ይመናመናል። ድንች ተክለህ ምርት ልታገኝበት ወደምትችልበት ደረጃ ይወርዳል።

ኖራ ትዝ ሳይልህ አይቀርም። ቀዩ የእናንተ የሜጫ አፈር አሲዳማ ስለሆነ ኖራ ምርት ይጨምርልሃል፤ ለበቆሎውም ለስንዴውም እደግፈዋለሁ። አጠውልግን ግን አያድንም። በፕላስቲክ ሸፍኖ አፈሩን በፀሐይ ማፍላትም አለ። እሱ ለችግኝ መደብ እንጂ ለቃዳ አይሆንም።

«የሚቋቋም ዝርያ የለም ወይ?» ማለትህ አይቀርም። ጉደኔ፣ በለጠ፣ ጃለኔ፣ ከአዴት የወጡት ዘንገናና ጓሳ፣ ሁሉም ሲመረጡ በዋናነት የታየው ምችን መቋቋማቸው ነው። አጠውልግ ያለበት አፈር ላይ የማይወድቅ ድንች እጄ ላይ የለኝም። አለኝ የሚልህ ነጋዴ ካለ ማስረጃውን አሳየኝ በለው። ዝርያው ምርት የሚሰጠው ንጹሕ ሲሆን ነው። በለጠ በምርምር ማሳ ላይ በሄክታር ከ400 ኩንታል በላይ የሰጠ ዝርያ ነው። የአገሪቱ የገበሬ ማሳ አማካይ ግን ለብዙ ጊዜ ከ130 እና 140 ኩንታል ብዙም ፈቀቅ ሳይል ቆይቷል። ወደ ቃዳህ ስታመጣው ከመቶ ኩንታል በላይና 35 ኩንታል ማለት ነው። ልዩነቱ ሁሉ በዘር ነው አልልህም። ማዳበሪያው፣ ውሃው፣ አፈር ማስታቀፉ ሁሉ ድርሻ አለው። ዘሩ ከተበላሸ ግን የቀረው ሁሉ ወጪ ብቻ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ለቃዳ የሚያስፈልገውን አምስት ኩንታል ዘር አንድ ላይ ከገበያ አትግዛ። ከታወቀ ዘር አባዥ ማኅበር፣ ምርመራ ያለፈ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ያለውን 50 ኪሎ ብቻ ግዛ። ውድ ነው። ግን 50 ኪሎ ነው። ድንች፣ ቲማቲም፣ በርበሬ ባልነካው መሬት ላይ፣ ከሌላ ማሳ ውሃ በማይወርድበት ከፍ ያለ ቦታ፣ ክረምት ላይ ትከለው። 250 ካሬ ሜትር ይበቃሃል። ሙሉውን ትከል እንጂ በቢላዋ አትቆራርጠው፤ አንድ የታመመ ድንች የቆረጠ ቢላዋ ተከታዮቹን ሁሉ ይነካል። በየሳምንቱ ዙረው። በጣም ያማሩትን ተክሎች ሳይደርቁ በፊት በእንጨት ምልክት አድርግባቸው፤ ስትቆፍር እነሱን ለብቻ አውጣ። የመጪው ዘርህ ከነሱ ነው፣ ትልቅም ትንሽም ቢሆን። በመካከሉ አንድ እንኳ በአጠውልግ የጠወለገ ካየህ ያ መሬት በሙሉ ለመብል ይሁን፣ ለዘር አይሁን። ከቀናህ ከ50 ኪሎው አምስት ኩንታል ያህል ይወጣሃል። ለመጪው በጋ ዘርህ ራስህ ጋ አለ ማለት ነው። ብርሃን በሚገባበት፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው መደርደሪያ ላይ ስስ አድርገህ ዘርጋው፤ ያለቀሰና የላላ ካለ ቶሎ ታየዋለህ።

ያ ክረምት ላይ የምትተክለው ድንች ደግሞ ምች ይመጣበታል። ሪዶሚሉን ያን ጊዜ አውጣው። ነጠብጣቡ ሳይበዛ ጀምር፣ ማንኮዜብ ከሚባለው ሌላ የምች መድኃኒት ጋር እያፈራረቅህ እርጭ። ሪዶሚልን ብቻውን መደጋገም በሽታው እንዲለምደው ያደርጋል።

አባትህ ለዘር ብለው ጓዳ ያስቀመጡት ካለ ዛሬ አውጣው። «እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ብርጭቆው ነው» በላቸውና ከማሳው የጠወለገ አገዳ ቆርጣችሁ አብራችሁ እዩት፤ አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ከዚያ የቦይህን የታችኛውን ጫፍ በአፈር ድፈነው። ከበታችህ ያለው ሰው ተራው ሳይደርስ በፊትም ሄደህ ንገረው። እሱም ድንች ተክሎ ከሆነ ብርጭቆውን ይዘህ ሂድ።